ማንቂያው የሚመሰገንበት ቤት

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ውሻ ነው። ለመንፈሳዊ መጽሔት እንግዳ ርዕስ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ቢሆንም ጥቂት ታገሡኝ። ይህ ውሻ ለጨዋታ የመጣ አይደለም። የስኳር ሕመም ያለባትን ልጃችንን ቀንና ሌሊት የሚጠብቅ ሠራተኛ ነው። እርሱን ስናሠለጥንና ከእርሱ ጋር ስንኖር ግን ለውሻ ብቻ ሳይሆን ለባልና ሚስት፣ ለወላጅና ለልጅ የሚሆን አንድ ነገር ተምረናል፦ የሚያስጠነቅቀን በቤታችን ጸንቶ የሚኖረው ማስጠንቀቂያው ሲመሰገን ነው።

ሌሊቱን የተካፈልንበት ሕመም

ባለቤቴ በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት የሚገኝ የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ነው። የመጀመሪያዋ ልጃችን ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም እንዳለባት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2019፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ነበር። ብዙዎቻችን "ስኳር" ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው በጎልማሶች ላይ የሚበዛው ዓይነት ሁለት ነው። ዓይነት አንድ ጣፋጭ በማብዛት የሚመጣ አይደለም። ከበሽታ ሊጠብቀን የተሰጠን የሰውነት መከላከያ ዞሮ በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሕዋሳት ያጠፋል። ያለ ኢንሱሊን ደግሞ ሰው በሕይወት ሊቆይ አይችልም። ባንቲንግና ቤስት የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ ኢንሱሊንን ባያገኙ ኖሮ፣ በማግስቱም ዓመት በጥር ወር አንድ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ባይወጋው ኖሮ፣ ዛሬ ስለ ልጃችን የምጽፈው ሌላ ታሪክ በሆነ ነበር። ስለዚህ በቤታችን ኢንሱሊን ከማዕድ እኩል የሚመሰገንበት ስጦታ ነው።

ነገር ግን መድኃኒቱ ሁለት አፍ አለው። ሲያንስ ስኳር ይወጣል፤ ሲበዛ ወይም ልጅቱ ሮጣ ተጫውታ ሳትበላ ስትቀር ስኳር ይወርዳል። በአሜሪካ አለካክ ከ70 በታች ሲሆን ዝቅ ብሏል ይባላል፤ ከ54 በታች ከሆነ ደግሞ አደጋ ነው። ሰውየው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይርበዋል፣ ይቆጣል፣ ነገር ይምታታበታል። ካልተደረሰለት ራሱን ሊስት ይችላል። ቀን ላይ እናይላታለን፤ የሚያስፈራው ሌሊቱ ነው። የተኛ ልጅ ላቡን ማን ያይለታል?

ስለዚህ ሌሊቱን ተካፈልነው። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ባለቤቴ፣ ከዚያ እስኪነጋ እኔ። ክንዷ ላይ የሚለጠፍ፣ በየአምስት ደቂቃው እየለካ ቁጥሩን ወደ ስልካችን የሚልክ መሣሪያም አገኘን። ትልቅ በረከት ነው፤ ዛሬም ከእርሷ አይለይም። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚለካው ከቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ ከደም ስኳር ጥቂት ደቂቃዎች ወደ ኋላ ይቀራል። ተኝታ በክንዷ ስትጫነው ይሳሳታል። ስልክም ባትሪው ያልቃል። ሁለተኛ ጠባቂ የመፈለግ ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው።

አፍንጫ ያለው ጠባቂ

የስኳር መውረድን በሽታ የሚያውቁ ውሾች መኖራቸውን የሰማነው በሆስፒታሉ የወላጆች ስብሰባ ላይ ነው። በካሊፎርኒያ ማርክ ሩፈናክት የተባለ የስኳር ሕመምተኛ የዓይነ ስውራን መሪ የሚሆን ቡችላ ያሳድግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 አንድ ሌሊት ስኳሩ ወርዶ ሳለ ቡችላው ቀሰቀሰው። ሰውየው ነገሩን በአጋጣሚ አላለፈውም። ውሾችን በሽታ ማሠልጠን ጀመረ፤ በ2004ም ዶግስ ፎር ዲያቤቲክስ የተባለውን በጎ አድራጎት ድርጅት መሠረተ። በ2016 ደግሞ በእንግሊዝ አገር የካምብሪጅ ተመራማሪዎች የስኳር መጠን ሲወርድ በትንፋሽ ውስጥ አይሶፕሪን የተባለ ንጥረ ነገር እንደሚጨምር አሳዩ። ውሾቹ የሚያሸቱት እርሱን ሊሆን ይችላል አሉ።

ሁሉም ወሬ ግን ጣፋጭ አልነበረም። በ2019 የብሪስቶል ተመራማሪዎች 27 ውሾችን ተከታትለው፣ መካከለኛው ውሻ ከመቶ 83 የሚሆነውን የስኳር መውረድ እንዳስጠነቀቀ ጻፉ። ከዚያ በፊት በ2017 በኦሪገን በስምንት ውሾች ላይ በተደረገ ጥናት ግን ውጤቱ ከመቶ 36 ገደማ ብቻ ነበር፤ አብዛኛውንም ጊዜ መሣሪያው ውሻውን ቀድሞታል። በ2018 ደግሞ የቨርጂኒያ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በቅጡ ያልሠለጠኑ ቡችሎችን እስከ 27,000 ዶላር ይሸጣል ያለውን አንድ ድርጅት ከሰሰ። የጨነቀው ወላጅ ገንዘቡን በቀላሉ ያወጣል፤ ይህን የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ሐኪማችንም "ውሻው ጭማሪ እንጂ ምትክ አይደለም። ውሻ ባስጠነቀቀ ቁጥር በመለኪያ አረጋግጡ" ብላ አሰናበተችን።

ጸልየን፣ ተመካክረን፣ በየሳምንቱ ቤታችን የምትመጣ አሠልጣኝ ይዘን ራሳችን ልናሠለጥን ወሰንን። የአሜሪካ ሕግ ይህን ይፈቅዳል። በ2021 የዘጠኝ ሳምንት ቢጫ ላብራዶር ቡችላ ቤታችን ገባ። ልጃችን "ንቁ" ብላ ስም አወጣችለት።

ለእኔና ለባለቤቴ ውሻ ቤት ውስጥ ማስገባት ቀላል ነገር አልነበረም። እኛ ባደግንበት ሰፈር ውሻ ስፍራው በር ላይ ነው። ሌሊት ይጮኻል፣ ጠዋት ትርፍራፊ ይጣልለታል፤ ሳሎን ከረገጠ በመጥረጊያ ይባረራል። ከአዲስ አበባ እናቴ በስልክ ሰምታ "ምን? አልጋ ክፍል ውስጥ?" አለች። ከዚያም ዝም ብላ ቆየችና "ልጄን የሚጠብቅልኝ ከሆነስ ይግባ" አለች።

ጥጥ፣ ብልቃጥና ጉርሻ

ሥልጠናው ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ጨዋነት ነው፦ መቀመጥ፣ መቆየት፣ አለመጮኽ፣ ወለል ላይ የወደቀ ምግብ አለመንካት። ለአበሻ ቤት ውሻ ይህ የመጨረሻው ከባድ ፈተና ነው፤ የቡና ቁርስ ፋንዲሻ በየምንጣፉ ላይ ነውና። የመዘምራንን ከበሮና የእናቶችን እልልታ እንዲለምድም በስልክ የተቀዳ ዝማሬ ከዝቅተኛ ድምፅ ጀምረን ቀስ በቀስ ከፍ እያደረግን አሰማነው።

ሁለተኛው ሽታው ነው። የልጃችን ስኳር ከ70 ጥቂት ወረድ ሲል ንጹሕ ጥጥ በአፏ አርሳ ታወጣለች፤ ወዲያው ጭማቂዋን ትጠጣለች። በጣም ከወረደ ጥጡ ይቀራል፤ ስኳሯ ይቀድማል። ጥጡን በእጃችን ሳንነካ በብልቃጥ ከተን፣ ቀኑንና ቁጥሩን ጽፈን በረዶ ቤት እናስቀምጣለን። ከበርበሬውና ከቅቤው ጎን "64"፣ "61" የተጻፈባቸው ብልቃጦች ተደረደሩ። ንቁ መጀመሪያ ያንን ብልቃጥ ባሸተተ ቁጥር ወዲያው ምግብ ይሰጠዋል። ቀጥሎ ባዶ ጥጥና ስኳሯ ደህና ሳለ የተወሰደ ጥጥ ካለባቸው ብልቃጦች መካከል ለይቶ ያወጣል። ሲለይ መዳፉን ጉልበታችን ላይ ማድረግን ይማራል። ከዚያ ጥጡ በልብሳችን ውስጥ ይደበቃል። ከዚያ በሌላ ክፍል፣ በመኪና ውስጥ፣ በመጨረሻም ተኝቶ ሳለ። እንዲህ እያልን ወደ አንድ ዓመት ተኩል ፈጀብን።

አሠልጣኛችን አጥብቃ ያሳሰበችን አንድ ነገር ቢኖር ጉርሻው እንዳይቀር ነው። (ምግቡን ጉርሻ ያልኩት እኔ ነኝ፤ የተሻለ ስም አላገኘሁለትም።) "ውሻው የሚያስጠነቅቀው ማስጠንቀቅ ደስ የሚል ውጤት ስላለው ነው" አለችን። "ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ቀስቅሷችሁ ብትቆጡት፣ ወይም መልስ ሳትሰጡት ብትዞሩና ብትተኙ፣ ጥቂት ጊዜ ይሞክርና ይተወዋል። አፍንጫው አይበላሽም፤ ዝም ይላል እንጂ።" አባቶቻችን ውሻ በበላበት ይጮኻል ያሉት እዚህ ላይ በደንብ ገባኝ።

ትስስሩም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ልጃችን ምግቡን በእጇ ታበላዋለች፣ ጠጉሩን ታበጥራለች፣ በአልጋዋ ሥር ይተኛል። ግን ከመደባበሱ ይልቅ ያስተሳሰራቸው ሁልጊዜ መልስ ማግኘቱ ነው። እርሱ ሲጠራት እርሷ ትመልሳለች።

ለእርሷም የሆነላት ነገር አለ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ሕመሙ መሮት ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከሰላምታ በፊት "ስንት ነው?" ተብላ ትጠየቃለች፤ ቁጥሩም ደህና ካልሆነ ጥፋተኛ የሆነች ያህል ይሰማታል። መለኪያዋን መደበቅ ጀመረች። ንቁ ግን "ምን በልተሽ ነው?" አይላትም። መዳፉን ያደርጋል፣ ዓይኗን ያያል፣ ይጠብቃል። አንድ ቀን "እማዬ፣ እሱ እኮ አይቆጣም" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለእርሱ ስትል ትለካ ጀመር፤ እየቆየም ለራሷ። መለኪያዋም ከመሳቢያ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዋለ።

በመጋቢት ወር 2022 አንድ ሌሊት አዲስ ሴንሰር ለጥፈን ነበር። ያን ጊዜ የነበረን ሴንሰር አዲስ ሲለጠፍ ሥራ እስኪጀምር ሁለት ሰዓት ቁጥር አያሳይም ነበር። እኔ ሦፋ ላይ ጋደም ብዬ የሰዓቱን ማለቅ ስጠብቅ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጉልበቴ ላይ አንድ ነገር ሲመታኝ ነቃሁ፤ ንቁ ነበር። ሄጄ የጣቷን ደም ስለካ 51 አሳየ። ቀና አድርጌ ጭማቂ አጠጣኋት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ 66፣ እንደገና ጠጥታ 88። ባለቤቴም ተነሥቶ መጣ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሦስታችን ወለል ላይ ተቀምጠን ለአንድ ውሻ የተቀቀለ ዶሮ እያጎረስን እግዚአብሔርን አመሰገንን።

ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ሌሊት ቀስቅሶን ቁጥሩ 110 ነበር። ያን ጊዜ ጉርሻ የለም፤ ቁጣም የለም። "እሺ፣ አየነው" እንለዋለን፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመን እንለካለን፤ እንተኛለን።

ሕጉ የማያስገድደን ቦታ

በአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት የሠለጠነ አገልጋይ ውሻ ወደ ሱቅ፣ ወደ ምግብ ቤት፣ ወደ ሆስፒታል መግባት ይችላል። ሠራተኞቹ ሊጠይቁ የሚፈቀድላቸው ሁለት ጥያቄ ነው፦ ውሻው በጉዳቱ ምክንያት የሚያስፈልግ ነው ወይ? ምን ሥራስ ሠልጥኗል? ይህ ሕግ ግን አብያተ ክርስቲያናትን አያስገድድም። ስለዚህ ንቁን ከፊል አገሩ ሁሉ ሲቀበለው፣ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን "አይግባ" የማለት ሙሉ መብት ነበራት። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ከእኔና ከባለቤቴ አንዳችን እሑድ እሑድ ከልጅቱ ጋር ቤት መዋላችን ነበር፤ እርሱ ሰባኪ ነውና የምቀረው እኔ እንደምሆን ታውቃላችሁ።

ባለቤቴ ለሽማግሌዎች ጉዳዩን አቅርቦ "የራሴ ልጅ ጉዳይ ስለሆነ እኔ በሌለሁበት ወስኑ" ብሎ ወጣ። ሽማግሌዎቹም በቁም ነገር ተነጋገሩ። አለርጂ ያለባቸው አሉ። ውሻ የሚፈሩ ልጆች አሉ። በኅብረት ማዕድ ጊዜ ምን ይደረጋል? የተሰጠን መልስ ይህ ነበር፦ በጎን በር በኩል የመጨረሻው ረድፍ ላይ ይሁን፤ የሥራ ሰደርያውን ይልበስ፤ ማንም አይደባብሰው፤ ወደ ማዕድ አዳራሽ አይግባ፤ ሦስት ወር ይታይ። ለምእመናኑም በማስታወቂያ ሰዓት ተነገረ።

በልጅነታቸው እብድ ውሻ ነክሷቸው ብዙ መርፌ የተወጉ አንዲት እናት አሉን። እርሳቸውም መጥተው "የኔ ልጅ፣ እኔ እፈራለሁ፤ ግን ለእርስዋ ብዬ በሌላው በር እገባለሁ" አሉኝ። ፍቅር ማለት ይህ ነው። ፍርሃታቸው አልጠፋም፤ መንገዳቸውን ለወጡ። አሁን በየእሑዱ ከሩቅ ሆነው "ዘበኛችን እንዴት አደረ?" ይሉኛል።

እምነት ማነስ ነውን?

ሌላም ድምፅ ነበር። በእንግድነት የመጣ አንድ ወንድም ልጃችንን "ካመንሽ መርፌውን ጣዪው፤ ውሻውንም መልሺው" አላት። ይህን በግልጽ ልጻፍ፤ የሰው ሕይወት አለበትና። ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቆመ ደሙ በአሲድ ተመርዞ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ስለ ፈውስ እንጸልያለን፤ እግዚአብሔር ዛሬም ይፈውሳል። ቢፈውስ ደግሞ መለኪያው ይመሰክራል፤ ሐኪሙም ያረጋግጣል። ለሕዝቅያስ አሥራ አምስት ዓመት የጨመረለት አምላክ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲደረግ ነቢዩ አዝዞ ነበር (ኢሳ. 38)። ጳውሎስም አብሮት የሚጓዘውን ሉቃስን "ሐኪም" ብሎ ሲጠራው አላፈረም (ቆላ. 4)። በጾም ጸሎት ጊዜም ኢንሱሊን የሚወስዱ ቅዱሳን ያለ ሐኪም ምክር ከምግብ አይጹሙ፤ ጌታ ልባቸውን ያያል።

"ልለካው"

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ የበለዓምን ታሪክ (ዘኁ. 22) ያጠናሁት ከትንቢት አንጻር ነበር። ዛሬ ሳነብበው ዓይኔ የሚያርፈው አህያይቱ ላይ ነው። እርሱ ያላየውን የእግዚአብሔርን መልአክ አይታ ፈቀቅ አለች፤ ሕይወቱን ስታተርፍለት ሦስት ጊዜ ደበደባት። የተመታችው በማስጠንቀቋ ነው። ኢሳይያስም (56፥10) መጮኽ ስለማይችሉ ውሾች ሲናገር የወቀሰው ዝም ያሉትን ጠባቂዎች ነው። በቤታችን ያሉት ጠባቂዎች ዝም ያሉት ሲፈጥራቸው ነው ወይስ ሲጮኹ ስለ ተመቱ?

ባለትዳሮች ሆይ፣ ይህን ጥያቄ አብራችሁ ጠይቁት። ሚስት "በዚህ ሳምንት ልጆቹ ፊትህን አላዩም" ትላለች፤ "ጭቅጭቅ ጀመርሽ" ትባላለች። ባል "ወጪያችን ከገቢያችን አለፈ" ይላል፤ "ንፉግ" ይባላል። ልጅ "እዚያ ቤት መሄድ አልወድም" ይላል፤ "ባለጌ፣ ዘመድ አይጠላም" ይባላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞክራሉ፤ ከዚያ ይተዉታል። ቤቱ ጸጥ ይላል፤ እኛም ሰላም የሆነ ይመስለናል።

በቤታችን ከንቁ የተማርነው አንድ ቃል አለ። የጀመረው ባለቤቴ ነው። አንድ ምሽት "በተከታታይ አራተኛ ስብሰባህ ነው፤ ፊትህ ደክሟል" አልሁት። ሊመልስልኝ አፉን ከፈተና ሳቅ ብሎ "አመሰግናለሁ፤ ልለካው" አለኝ። በማግስቱ መርሐ ግብሩን ይዞ ተቀመጠ፤ የረቡዕ ስብሰባን ለሌላ ወንድም ሰጠ። ከዚያ ወዲህ "ልለካው" የቤታችን ቋንቋ ሆነ። ተስማምቻለሁ ማለት አይደለም። ሰምቼሃለሁ፣ አመሰግንሃለሁ፣ ሳልቆጣ አጣራለሁ ማለት ነው። አንዳንዴ ሲለካ 51 ይሆናል፤ አንዳንዴ 110። በሁለቱም ያስጠነቀቀው አይመታም።

ለአብዛኞቻችሁ እንዲህ ያለ ውሻ ላይገኝ ይችላል። ጠባቂ መሆን ግን ይቻላል። በጉባኤያችሁ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካለ ምልክቶቹን እወቁ። ላብና መንቀጥቀጥ ካያችሁ፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ 15 ግራም ስኳር፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ወይም ማር፣ አለዚያም ግማሽ ኩባያ ጭማቂ ስጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካ፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ድገሙት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አታድርጉ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ ወደ ሕክምና አድርሱት። በኪሳችሁ ሁለት ከረሜላ መያዝም አገልግሎት ነው።

ልጃችን ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። ቁጥሯን ራሷ ትጠብቃለች። የንቁ አፍንጫ አካባቢ ሽበት ጀምሯል። ዛሬ ማታ በምትጸልዩበት ጊዜ፣ በቤታችሁ ከሁሉ በፊት አደጋን የሚያሸት ማን እንደ ሆነ አስቡ፤ ሳትተኙም አንድ ጊዜ አመስግኑት። የቤታችሁ ጠባቂ የሆነው ጌታ ሌሊታችሁን ይባርክ።